በሀዋሳ ለሚሠራ ድረ ገጽ የትኛው የቁልፍ ቃል መሣሪያ ይሻላል?

የከተማችንን ስም አንዱ ሀዋሳ ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ሐዋሳ ወይም ሃዋሳ ይላል፤ የቀድሞውን አጠራር ያልተወው ደግሞ እስከ ዛሬ አዋሳ እያለ ይፈልጋል። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰው ከፊት ኤች ይጨምር አይጨምር፣ ኤስን አንዴ ይጻፍ ሁለቴ የሚለው ሲታከልበት፣ አንዲቷ ከተማ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ በብዙ መልክ ትገባለች። ቁልፍ ቃል፣ ማለትም ሰዎች በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሚጽፉትን ቃል፣ ለማጥናት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን ሳነጻጽር ከዚህ የምነሳው፣ አንድ መሣሪያ ለአማርኛ የሚጠቅም መሆን አለመሆኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው በዚሁ የፊደል ጉዳይ ላይ ስለሆነ ነው።

ሐይቅ ዳር አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ድረ ገጻቸውን እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ነበር። ድረ ገጹን የሚከታተልላቸው ባለሙያ በወር የሚከፈልበት አንድ የውጭ መሣሪያ አስገዝቷቸው ነበር፤ መሣሪያው «የእንግዳ ማረፊያ በሀዋሳ» ለሚለው ሐረግ የወር የፍለጋ ብዛት ዜሮ ብሎ ስላሳየው፣ የአማርኛ ገጾቹን በሙሉ አንስቶ እንግሊዝኛውን ብቻ አስቀርቶላቸዋል። ክፍል የሚይዙት ደንበኞቻቸው ግን አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔና ከዲላ በአማርኛ የሚደውሉ ነበሩ። ቢሯቸው ተቀምጠን፣ ድረ ገጽ በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ ለባለቤቱ የሚያሳየውን የጎግልን ሰርች ኮንሶል ከፍተን የቀደሙትን ወራት ስንመለከት፣ ገጾቹ ከመነሳታቸው በፊት ሰዎች የመጡባቸው ቃላት በአማርኛ ተደርድረው አገኘናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ «የእንግዳ ማረፊያ» የሚለው የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው «አልጋ» ነው፤ «አልጋ በሀዋሳ»፣ «አዋሳ የአልጋ ዋጋ»፣ «ሐዋሳ ርካሽ አልጋ»። ወይዘሮዋ ዝርዝሩን አይተው ሲያበቁ «እኔም እኮ ስልክ ሳነሳ የምሰማው አልጋ አለ ወይ የሚል ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ከዋጋም ከዝናም በፊት መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ቁጥሩን ከየት አመጣው የሚለው ነው። ጎግል ራሱ በነጻ የሚሰጣቸው ሦስቱ፣ ማለትም ሰርች ኮንሶል፣ ኪወርድ ፕላነርና ጎግል ትሬንድስ፣ የሚነሱት ጎግል ላይ በእርግጥ ከተደረገ ፍለጋ ነው። ሴምራሽ፣ ኤችሬፍስ፣ ሞዝና ኡበርሰጀስት የተባሉት የሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያዎች ደግሞ ከተለያዩ ምንጮች መረጃ እየሰበሰቡ በየራሳቸው ስሌት ግምት ያወጣሉ። መረጃው በበዛበት ቋንቋና አገር ግምታቸው ለሥራ የሚበቃ ነው፤ መረጃው በሳሳበት ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ላይ በአማርኛ ቃል ፊት ለፊት የሚታይ ዜሮ «ማንም አይፈልገውም» ተብሎ ሳይሆን «ይህ መሣሪያ አላየውም» ተብሎ መነበብ አለበት።

ሰርች ኮንሶል

ሰርች ኮንሶል በሌሎቹ ላይ ያለው ብልጫ ስለራስ ድረ ገጽ የሚናገር መሆኑ ነው። ድረ ገጹ በጎግል ውጤት ውስጥ በየትኛው ቃል እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ ክሊክ እንደተደረገና በአማካይ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደነበረ ያሳያል፤ ይህንንም እስከ 16 ወር ድረስ ያቆያል። ክፍያ የለውም፤ የሚጠይቀው የድረ ገጹ ባለቤትነት እንዲረጋገጥለት ብቻ ነው። መረጃ ማጠራቀም የሚጀምረው ድረ ገጹ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ስለሆነ፣ የትኛውን መሣሪያ እንደሚገዛ ገና ያልወሰነ ሰው እንኳ ይህን ዛሬውኑ ቢያስመዘግብ አይጸጸትም። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ የሚያየው የራሱን ደንበኞች አነጋገር ነው።

የፊደሉን ጉዳይ በተመለከተ ይህ መሣሪያ አንድ ትልቅ አማራጭ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአፈጻጸም ሪፖርቱ የፍለጋ ቃላትን ሬጄክስ በሚባለው የማጣሪያ ቀመር ለማጣራት ይፈቅዳል። የፍለጋ ቃል ማጣሪያውን ከፍቶ ከስተም ሬጄክስ የሚለውን መርጦ [ሀሐኀሃሓኃአዐ]ዋሳ ብሎ መጻፍ ነው። በቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት ማንኛቸውም ከ«ዋሳ» በፊት ከተገኙ ቃሉ ይመጣል። ማጣሪያው የፊደላቱን ስብስብ በየትኛውም ቦታ ስለሚፈልግ «በሀዋሳ»፣ «የሐዋሳ»፣ «ከአዋሳ» የሚሉትም አይቀሩም። የጸጉር ቤት ያለው ሰው [ጸፀ]ጉር ብሎ ሁለቱንም አጻጻፍ ያገኛል። አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ የሚጠብስ ምግብ ቤት ደግሞ [አዓኣዐ][ሳሣ] ብሎ ይጀምራል፤ ነገር ግን ይኸው ቀመር «አሳንሰር»ንም «አሳማ»ንም ይዞ ስለሚመጣ ውጤቱን በዓይን ማጥራት ያስፈልገዋል።

ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ የሚታየው የየአጻጻፉ አማካይ ደረጃ ነው። «ሀዋሳ» ያለበት ፍለጋ ላይ አራተኛ፣ «አዋሳ» ያለበት ላይ ግን ሃያኛ የሆነ ገጽ ካለ፣ ገጹ በሁለተኛው አጻጻፍ ለሚፈልጉት ሰዎች እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ «በቀድሞ አጠራሯ አዋሳ» የሚል አንድ ተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ተገቢ ይሆናል። ሁለቱም ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ከሆኑ ግን አጻጻፎቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ጽሑፉን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ቃላትን በድብቅ ለመደርደር ይጠቀሙበት የነበረውን፣ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ሜታ ታግ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል፤ እስከ አሁን ለዚያ የሚያስከፍል ባለሙያ ካለ ገንዘቡን አለመስጠት ነው።

ሰርች ኮንሶል የማይችለውም አለ። ድረ ገጹ ፈጽሞ ያልታየበትን ቃል ሊያሳይ አይችልም፤ ስለ ተፎካካሪም አንድ ነገር አይናገርም። ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸውን ቃላት ጎግል የፈላጊዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ሲል ስለሚሸሽጋቸው፣ በየቃሉ ያለው ክሊክ ቢደመር ከጠቅላላው ያንሳል። በሪፖርቱ ላይ የሚወጣው እስከ 1000 መስመር ነው፤ ይህ ለአንድ ማረፊያ ወይም ለአንድ ክሊኒክ ይተርፋል፣ ለዜና ድረ ገጽ ግን ያንሳል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የመታየት ብዛታቸው በድንገት የወረደባቸው ብዙ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጎግል በአንድ ገጽ 100 ውጤት ማውጣት የሚያስችለውን መንገድ ዘግቶ ነበር፤ ያን መንገድ ይጠቀሙ የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው ደረጃ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የእነሱ እይታም በመታየት ብዛቱ ውስጥ ይቆጠር ነበር ተብሎ ይታመናል። ክሊኩ ባለበት ከቆየ የጠፋ ደንበኛ የለም።

ኪወርድ ፕላነርና ትሬንድስ

ገና ያልተጻፈበትን ቃል ለማግኘት ከነጻዎቹ የሚሻለው ኪወርድ ፕላነር ነው። የሚገኘው የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት በሆነው በጎግል አድስ አካውንት ውስጥ ሲሆን የተሠራውም ለማስታወቂያ ነው፤ ሲነበብ ይህ መዘንጋት የለበትም። ማስታወቂያ ለማያስነግር አካውንት ብዛቱን የሚሰጠው ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1000 እያለ በሰፊው ነው፤ በወር 120 ጊዜ የሚፈለገውና 900 ጊዜ የሚፈለገው ቃል እኩል ሆነው ይታያሉ። ኮምፒቲሽን የሚለው ዓምድ የሚለካው ስንት ማስታወቂያ አስነጋሪ በቃሉ ላይ እንደሚሻማ ነው፤ በነጻው ውጤት ላይ ወደ ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚያ አይታወቅም። በአማርኛ ቃላት ላይ ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ» የሚል የሚወጣው በአማርኛ የሚያስተዋውቀው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሁለት ቅንብሮች ውጤቱን ከሥሩ ይቀይሩታል። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ ትቶ የአማርኛ ቃል ከመጻፍ ይልቅ «ሁሉም ቋንቋዎች» ላይ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው አካባቢ ነው፤ ብዙዎች «የእኔ ሥራ ሀዋሳ ነው» ብለው አካባቢውን ወደ ከተማዋ ያጠብቡታል። ለመድኃኒት ቤትና ለጸጉር ቤት ይህ ትክክል ነው። ለማረፊያ ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አልጋ የሚፈልገው ሰው ፍለጋውን የሚያደርገው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጦ፣ ገና ሻንጣውን ሳያነሣ ነው። «አልጋ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው፤ «የአልጋ ዋጋ» ብለው የሚፈልጉት ግማሾቹ የቤት ዕቃ ገዢዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከተማው ወይም «ለአንድ ሌሊት» የሚለው ሲጨመርበት ብቻ የእንግዳው ቃል ይሆናል። ይህን የትኛውም መሣሪያ ለይቶ አይነግርም፤ ቃሉን ጎግል ላይ ጽፎ የሚወጡት ገጾች የማረፊያ ናቸው ወይስ የእንጨት ሥራ ቤት ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ጎግል ትሬንድስ ብዛትን አይነግርም፤ ፍላጎት መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወድቅ ያሳያል። ከ0 እስከ 100 ያለው መለኪያ አንጻራዊ ነው፤ 100 ማለት በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ቃሉ ከፍ ያለበት ነጥብ ነው፣ አንድ መቶ ፍለጋ ማለት አይደለም። ጥቂት ቃላትን ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል፤ ለእኛ የሚጠቅመው ደግሞ የመደመር ምልክት ነው፤ ሀዋሳ + ሐዋሳ + ሃዋሳ + አዋሳ ተብሎ ሲጻፍ አራቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ፍለጋው አነስተኛ ለሆነበት ቃል በቂ መረጃ የለም ብሎ ይመልሳልና፣ ጠባብ ሐረግ ይዞ ወደ ትሬንድስ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ወቅቱን ሲያነቡ የዘመን አቆጣጠሩ እንዳያሳስት ያስፈልጋል። የቅዱስ ገብርኤል በዓል በሚከበርባቸው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ምእመናን ከሩቅ ወደ ሀዋሳ ይመጣሉ፤ በትሬንድስ ግራፍ ላይ እነዚህን ቀናት የምናገኛቸው አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 እና ጁላይ 26 አካባቢ ነው። ፍቼ ጫምባላላ ግን እንዲህ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲያውጁት ስለሆነ፣ የአምናውን ግራፍ አይቶ የዘንድሮውን ቀን መገመት አይቻልም። ገጹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ቀኑ ሲታወጅ ማስተካከል ከሁሉ ይሻላል፤ በየዓመቱ አዲስ ገጽ ከመክፈት ይልቅ ያንኑ ገጽ ማደስ ደግሞ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እሱ የሚያመላክተውን፣ የተጠራቀመለትን ሊንክ ያቆይለታል።

የሚከፈልባቸው መሣሪያዎች

ሴምራሽና ኤችሬፍስ በእርግጥ ኃይለኛ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጥያቄው ኃይላቸው ለየትኛው ሥራ ነው የሚለው ነው። ተፎካካሪ በየትኞቹ ቃላት እንደሚታይ፣ ከየትኞቹ ድረ ገጾች ሊንክ እንዳገኘ ለማየት ከጎግል ነጻ መሣሪያዎች የሚተካቸው የለም። በቃሉ ወደ ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚገምተው፣ የቁልፍ ቃል አስቸጋሪነት የሚሉት ቁጥር ግን ለአማርኛ ብዙም አይረዳም። ኤችሬፍስ ይህን ቁጥር የሚያሰላው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ድረ ገጾች ባገኙት ሊንክ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የአማርኛ ገጾች አብዛኞቹ ያላቸው ሊንክ ጥቂት በመሆኑ ቁጥሩ በሁሉም ቃል ላይ ዝቅ ብሎ ይወጣና ከባዱን ከቀላሉ አይለይም። የአንድን ድረ ገጽ ጥንካሬ በቁጥር የሚገምተው የሞዝ ዶሜይን ኦቶሪቲም የሞዝ የራሱ መለኪያ ነው፤ ጎግል አይጠቀምበትም። «ይህን ቁጥር ከፍ እናደርግልዎታለን» ብሎ ሊንክ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ፣ ለደረጃ ተብሎ ሊንክ መግዛት የጎግልን የስፓም ፖሊሲ የሚጥስ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። የሁለቱም ዋነኛ የመነሻ ጥቅል በወር ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዚያ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ይህን ለማምለጥ በቴሌግራም የሚሸጥ የጋራ አካውንት የሚገዙ አሉ። ዋጋው ሲታይ ያጓጓል፤ ነገር ግን የኩባንያዎቹን ውል የሚጥስ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ብዙ ሰዎች በሚገቡበት አካውንት ላይ የራስን ሰርች ኮንሶል ማገናኘት የደንበኞችን መረጃ ለማያውቁት ሰው መክፈት መሆኑ ነው።

ሳይከፈል የሚገኝ ቁራሽም አለ። ኤችሬፍስ ዌብማስተር ቱልስ ባለቤትነቱ ለተረጋገጠ ድረ ገጽ በነጻ ምርመራ ያደርጋል፤ ስክሪሚንግ ፍሮግ የተባለው ፕሮግራም እስከ 500 የገጽ አድራሻ ድረስ በነጻ ይፈትሻል። ለአንድ ማረፊያ ወይም ምግብ ቤት ሁለቱ ይበቃሉ።

የፍለጋው ዓለም እየሄደበት ካለው አቅጣጫ አንጻርም ምርጫው ሊታይ ይገባል። ጎግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በአሜሪካ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ያስፋፋው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፍ መልስ ከውጤቶቹ በላይ ስለሚቀመጥ፣ ሰው ገጹን ሳይከፍት መልሱን አግኝቶ ይሄዳል። የሰርች ኮንሶል የአፈጻጸም ሪፖርት በዚያ መልስ ውስጥ የተገኘውን መታየት ከጠቅላላው ጋር ቀላቅሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው» ለሚለው ዓይነት ጥያቄ ገጽ ማዘጋጀት እንደ ድሮው ጎብኚ አያመጣም፤ ዋጋ፣ ስልክ፣ ቦታና ክፍት ሰዓት የሚጠይቁት ቃላት ግን ሰውን አሁንም ወደ ገጹ ያደርሱታል። ጎግል ድረ ገጾችን በስልክ በሚታዩበት መልክ ወደ መመዘን ያደረገውን ሽግግር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ስላጠናቀቀ፣ የትኛውም መሣሪያ ሪፖርት ሲያወጣ የስልኩን ክፍል አስቀድሞ ማንበብ ያሻል።

ለማን የትኛው

ማረፊያ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ምግብ ቤት ኖሮት በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ሰርች ኮንሶል ዋናው ይሁን፣ ኪወርድ ፕላነር አዲስ ቃል ለመጠቆም፣ ትሬንድስ ወቅትን ለማወቅ ያግዙት፤ አንድም ዶላር አይውጣ። ከሦስቱ ጎን ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት የደዋዮቹን የመጀመሪያ ጥያቄ ቃል በቃል በደብተር ቢመዘግብ፣ የትኛውም መሣሪያ የማይሰጠውን ዝርዝር ይሰጣል።

የሲዳማ ቡና ለውጭ ገዢ የሚያቀርብ ወይም የውጭ ጎብኚ የሚያስተናግድ ድርጅት ግን ሌላ ነው። ገዢው በእንግሊዝኛ ይፈልጋል፣ ተፎካካሪዎቹም በብዙ አገር ተበትነዋል፤ እዚያ ላይ ሴምራሽ ወይም ኤችሬፍስ የሚያወጣው ግምት ሥራ ላይ ይውላል። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ መክፈል አያስፈልግም። የሚጠኑትን ቃላትና የተፎካካሪዎችን ስም አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ፣ የአንድ ወር ብቻ ገዝቶ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መረጃውን ሁሉ አውርዶ፣ ክፍያው በራሱ ከመታደሱ በፊት መሰረዝ ይቻላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ዋናው ጥያቄ ሊንክ ከሆነ ኤችሬፍስን፣ ማስታወቂያንም ጨምሮ ተፎካካሪን በሰፊው ማጥናት ከሆነ ሴምራሽን እመርጣለሁ።

ድረ ገጽ ጨርሶ የሌለው ባለሱቅም ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለእሱ ከሁሉ የሚቀድመው ድርጅቱን በጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚያሳየው ነጻው የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነው፤ ጎግል የአካባቢ ውጤቶችን የሚደረድረው ከፍለጋው ጋር ባለው ተዛማጅነት፣ በርቀትና በታዋቂነት መሆኑን ስለሚገልጽ፣ ትክክለኛ ቦታ፣ የሥራ ሰዓትና የደንበኞች አስተያየት እዚህ ዋጋ አላቸው። ፕሮፋይሉ ሰዎች በምን ቃል እንዳገኙትም ያሳያል። ስሙ ግን ታፔላው ላይ እንደተጻፈው ይግባ፤ «ርካሽ»፣ «ምርጥ»፣ «በሀዋሳ» የሚሉትን ቃላት ከስሙ ጋር መቀጠል ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል። ታፔላው ሐዋሳ በሐመሩ ሐ ካለ፣ ፕሮፋይሉም በሐመሩ ሐ ይጻፍ።